የሲኒማ ሥዕል እንዳይናወጥ ስለ ማድረግ

ለባላገር የእርሻን ሥራ በሲኒማ ለማስተማር የሚያስብ ሹም አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም ካሜራው ሲናወጥ ተመልካቹ የዘሪውን እጅ ማየት ትቶ የሥዕሉን መናወጥ ብቻ የሚመለከት መሆኑ ነው። ዓይኑ የደከመ ሰውም ትምህርቱን አይቀበልም።

ስለዚህ ነገር በውጭ አገር ብዙ ተደክሞበታል። በኢጣልያ ጆቫኒ ፓስትሮኔ፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1914 ዓ.ም. በወጣው ካቢሪያ በተባለው ሲኒማ፥ ካሜራውን በሠረገላ ላይ አኑሮ በዝግታ እንዲሄድ አደረገ። ሠረገላ ግን ደልዳላ መሬት ወይም ሐዲድ ይፈልጋል፤ በደረጃና በትልም ላይ አይሄድም። አሜሪካዊው ጋሬት ብራውን ይህን ችግር ለማስወገድ በ1970ዎቹ ዓመታት ስቴዲካም የተባለውን መሣሪያ ፈለሰፈ። ካሜራው በዘንግ ራስ ላይ ይቆማል፤ በዘንጉ ግርጌ ያለው ክብደት ይመዝነዋል፤ ዘንጉንም ባለ ሞላ ክንድ ሠራተኛው ከለበሰው ሰደርያ ጋር ያያይዘዋል። ነገሩ ሙሉ ዋንጫ ጠጅ ይዞ በግብር አዳራሽ የሚያልፍ አሳላፊን ይመስላል፤ እግሩ ቢራመድም ክንዱ ስለሚለዝብ ጠጁ አይፈስም። በ1976 ዓ.ም. በወጣው ሮኪ በተባለው ሲኒማ ተዋናዩ በደረጃ ሲሮጥ የተነሣው በዚሁ መሣሪያ ነው።

መሣሪያው የሌለው ሠራተኛ እንዲህ ያድርግ። እግሮቹን ከፈት አድርጎ ይቁም፤ ጉልበቱን ጥቂት ይጠፍ፤ ክርኑን ከጎኑ ያስጠጋ፤ ሲዞርም ከወገቡ ይዙር። ሲጀምርም ሲጨርስም በዝግታ ይሁን፤ ከእንቅስቃሴው በፊትና በኋላም ካሜራውን ጥቂት ሰከንድ ሳያንቀሳቅስ ያቆየው። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር መናወጥንም ስለሚያጐላ፥ እርሱን ትቶ ራሱ ቢቀርብ ይሻላል።

በአሁኑ ዘመን ደግሞ በጽሑፍ የታዘዘውን ያለ ካሜራ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አድርጎ የሚያወጣ፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለ ጥበብ መጥቷል። «ካሜራው በዝግታ ወደ በሬዎቹ ይቅረብ» ቢባል፥ ያልተናወጠ ሥዕል ያወጣል። ነገር ግን የሚሠራው ያየውን ሳይሆን የሚመስለውን ነውና፥ ካሜራው ዞሮ ሲመለስ የሞፈሩ ቅርጽ ወይም የበሬው ቀንድ ተለውጦ ሊገኝ ይችላል።

ቀድሞ ያልተናወጠ ሥዕል የሠራተኛውን ትጋት ይመሰክር ነበር፤ ዛሬ ግን የሥዕሉ ማማር ለእውነተኛነቱ ምስክር አይሆንም። ስለዚህ ቦዩ ተቈፈረ፥ ማሳው ታረመ የሚል ሥዕል የቀረበለት ሹም በቦታው ተገኝቶ፥ ወይም የታመነ ሰው ልኮ ይመርምር። ባላገሩን የሚያስተምርበትም ሥዕል ከእውነተኛ ማሳ ላይ የተነሣ ይሁን። በሐሰት ሥዕል ተመርቶ የተዘራ ዘር ሳይበቅል ቢቀር፥ ባዶ የሚሆነው የባላገሩ ጎተራ ነውና።