ክርስቲያን ወይስ ተዋሕዶ?

በአራት ኪሎ የቅድስት ሥላሴን ካቴድራል ተሳልመው ከሚወጡት ምእመናን፥ ሃይማኖታቸውን ቢጠየቁ፥ አንዱ «ክርስቲያን ነኝ»፥ ሁለተኛው «ተዋሕዶ ነኝ» ይላሉ። የትኛው ይቀድማል?

ክርስቲያን መባል በአንጾኪያ ለደቀ መዛሙርት የተሰጠ፥ እኛም በጥምቀት የወረስነው ስም ነውና እርሱን እናስቀድማለን። ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስን ሰዎች በመምህራን ስም ስለ ተከፋፈሉ ገሥጿቸዋል። ተዋሕዶ ግን የመምህር ስም አይደለም፤ መለኮትና ትስብእት ያለ መቀላቀል፥ ያለ መለየት አንድ መሆናቸውን የሚናገር የምስጢር ስም ነው። ስለዚህ ክርስቲያን ነኝ ያለው ሰው «ክርስቶስን ማን ትለዋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው በዚህ ነው፤ ሳይጠየቅ ግን በባልንጀራው ላይ ሊታበይበት አልተሰጠውም።

አባቶቻችን በዚህ ተፈትነዋል። ሊቃውንቱ ቅባት፥ ጸጋ፥ ካራ እየተባባሉ ብዙ ዘመን ተለያይተዋል። (ካራ ማለት ቢላዋ ነው፤ ተዋሕዶዎችን፥ ሦስተኛውን ልደት ቆረጡ ሲሉ፥ ባላጋራዎቻቸው ያወጡላቸው ስም ነው።) በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፥ ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት፥ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የተዋሕዶ ትምህርት ጸና፤ ነገሩ የተቆረጠው ግን በንጉሥ ሥልጣን እንጂ በመምህራን መዋደድ አልነበረም። በሁሉም ወገን የቆሙት አንዲት ጥምቀት የተጠመቁ፥ ከግብጽ በመጡ ጳጳሳት እጅ ክህነት የተቀበሉ ነበሩ።