የወለል ማጽጃ መኪና ሲነዝር



የቁምስና አዳራሽ፣ የትምህርት ቤት ክፍልና የክሊኒክ መተላለፊያ ዛሬ በብዙ ቦታ የሚታጠበው በኤሌክትሪክ በሚዞር የወለል ማጽጃ መኪና ነው። መኪናው ድካም ማቅለሉ አያጠራጥርም። ሆኖም ኤሌክትሪክ፣ ውኃና ብረት በአንድነት የሚገናኙበት መሣሪያ ስለ ሆነ ከራዲዮ ወይም ከካውያ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዳራሽ ታጸዳ የነበረች እኅት «መኪናው እጄን ይነዝረኛል» ስትል ነገረችን። እኔም ጭምር በዚያ የነበርን ሁሉ «በባዶ እግርሽ ስለምትቆሚ ነው፤ የላስቲክ ጫማ አድርጊ» አልናት። ጫማውን አደረገች፤ መንዘሩ ቀነሰ፤ ነገሩም ተረሳ። ከሁለት ወር በኋላ ስፒናው ሲፈታ፣ አረንጓዴና ቢጫ መልክ ያለው ሽቦ ጫፉ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሎ ተገኘ። የቀድሞው ስፒና በተሰበረ ጊዜ አዲሱን የገጠመው ሰው ሁለቱን ሽቦዎች አስሮ ሦስተኛውን እንደ ትርፍ ቆጥሮት ኖሯል። መኪናው ግን አንድም ቀን ሥራ አላቋረጠም። ጥፋቱ ተሰውሮ የቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቡናማውና ሰማያዊው ሽቦ ለሞተሩ ኃይል ያመላልሳሉ። አረንጓዴና ቢጫው፣ ማለትም የመሬት ሽቦው፣ ሞተሩ እንዲዞር አያስፈልግም። ተግባሩ ሌላ ነው፤ ይኸውም በውስጥ ያለ ሽቦ ተልጦ የመኪናውን ብረት ሲነካ ኮረንቲውን ወደ መሬት አውርዶ ፊውዙ እንዲቃጠል ማድረግ ነው። የመሬት ሽቦው ከሌለ በእርጥብ ወለል ላይ ቆሞ መኪናውን የያዘው ሰው የሽቦው ምትክ ይሆናል። (በአንዱ አራት ማዕዘን ውስጥ ሌላ አራት ማዕዘን የተሣለበት መኪና በድርብ መከላከያ የተሠራ ስለ ሆነ የመሬት ሽቦ ባይኖረው ስሕተት አይደለም።)

«ፊውዝ አለን» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነገር ግን ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። ሒሳቡን እንመልከት። 1100 ዋት የሆነ መኪና በ220 ቮልት 5 አምፔር ይስባል፤ ፊውዙ ደግሞ 10 ወይም 16 አምፔር ነው። በረጠበ ሰው አካል ውስጥ ወደ 200 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም የአንድ አምፔር አንድ አምስተኛ፣ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ያህሉ ሰውን ለመግደል ከበቂ በላይ ሲሆን ፊውዙ ግን ከቶ አይሰማውም። ከ10 ሚሊ አምፔር ጀምሮ እንኳ ጡንቻ ስለሚኮማተር የያዙትን መልቀቅ ሊያቅት ይችላል። ሰውን ለመጠበቅ የተሠራው የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኮረንቲ እያነጻጸረ፣ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሳይሞላ ወይም እንደ ሞላ የሚቆርጠው ልዩ ብሬከር ነው። መሞከሪያ ቁልፉን በየጊዜው መጫን ይገባል።

መኪናው እንቢ ሲል ምርመራው የሚጀምረው ስፒናውን ከሶኬት በመንቀል ነው። ብሩሽ መለወጥም እንዲሁ ነው። ጨርሶ የማይነሣ ከሆነ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ መሞከር፣ ቀጥሎም ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መመልከት ነው፤ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ወደ እጀታውና ወደ ስፒናው በሚገባበት መታጠፊያ ላይ ነው። እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ ግን በሰከንዶች ውስጥ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ የቆመ ሞተር ከሚዞረው ብዙ እጥፍ ኮረንቲ ስለሚስብ ይቃጠላል። በብሩሹ ላይ የተጠመጠመ ክር ወይም ቀጭንና ረጅም የማራዘሚያ ገመድ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ካልሆኑ ካፓሲተሩ ሊጠረጠር ይገባዋል፤ ካፓሲተር ግን ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ኮረንቲ ይዞ ስለሚቆይ ለባለሙያ ይተው። የተጠቀለለ ማራዘሚያም ስለሚግል እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ እንጂ እንደ ተጠመጠመ አይሠራበትም።

ልዩው ብሬከር ወለሉ ሲረጥብ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ውኃ ወደ ሞተሩ ወይም ወደ ገመዱ ገብቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አንዳንዶች ብሬከሩን «ያስቸግራል» ብለው ያስወግዱታል፤ ይህ ጠባቂውን ስለ ጮኸ ማባረር ነው።

ሰው ኮረንቲ ቢይዘው በእጅ አይጎተትም። አስቀድሞ ዋናው ማጥፊያ ይዘጋ ወይም ስፒናው ይነቀል፤ ይህ ካልተቻለ ረዳቱ በደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ያላቅቀው። ትንፋሹ ከቆመ ርዳታ እየተጠራ ደረቱን መጫን ወዲያው ይጀመር።

መንዘርን በተመለከተ፣ ጥቂትም ቢሆን ሥራው በዚያው ይቁም። ባለሙያው በቴስተር የሚለካው በስፒናው ጎን ያለው የብረት ምላስ ከመኪናው ብረት ጋር መገናኘቱን ነው። ምርመራው ግን በመኪናው ላይ ማብቃት የለበትም፤ በአሮጌ ሕንፃዎች ሶኬቱ ምላሱ እያለው ከኋላው የመሬት ሽቦ የማይኖርበት ጊዜ አለ። በዚያ አዳራሽ ከነበሩት ስድስት ሶኬቶች መሬት የነበራቸው ሁለቱ ብቻ ሆነው ተገኙ። አራቱ እስኪስተካከሉ ድረስ በላያቸው ላይ ወረቀት ተለጠፈባቸው፤ የወረቀቱንም ጽሕፈት የጻፈችው ያችው እኅት ናት።