የማን ልጅ ነህ? የእንጀራ ልጅን በሕግ ልጅ ስለ ማድረግ የተጻፈ ትምህርት

አንባቢ ሆይ፥ በአገራችን ለማይታወቅ ልጅ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። በእንጅባራና በዳንግላ አገር ደግሞ ይህ ጥያቄ እጅግ የተለመደ ነው፤ የአዊ ሕዝብ ሰባት ቤት አገው ተብሎ በአባቶች ቤት የሚጠራ ነውና። ጥር 23 ቀን የፈረሰኞች በዓል ሲከበር ሽማግሌዎች በፈረስ ላይ የተቀመጠውን ብላቴና አይተው አባቱ ማን እንደ ሆነ ይጠያየቃሉ።

ይህ ጥያቄ ለብዙ ልጆች ቀላል ነው፤ ለእንጀራ ልጅ ግን ከባድ ነው። የወለደውን ቢጠራ ያሳደገውን የካደ ይመስለዋል፤ ያሳደገውን ቢጠራ ደግሞ ስሙ በመዝገብ ከተጻፈው ጋር አይስማማም። ስለዚህ የእንጀራ ልጅ ያለህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ትምህርት በዝግታ አንብበው። አንቺም ከፊተኛው ትዳርሽ የወለድሽውን ልጅ ይዘሽ የገባሽ እኅት ሆይ፥ ከባልሽ ጋር ሆነሽ አንብቢው። የትምህርቱ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም፥ ልጅን በማዕድ ያስቀመጠ ፍቅር በዳኛም ፊት ይጽና የሚል ነው።

1ኛ። ስለ አንድ ቤት ምሳሌ

በዳንግላ ከተማ የሚኖር አንድ ነጋዴ ነበረ እንበል። ይህ ሰው የ4 ዓመት ወንድ ልጅ ያላትን መበለት አገባ። ልጁንም ወደደው፤ አበላው፥ አለበሰው፥ ትምህርት ቤት አስገባው፤ በታመመም ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ በራስጌው ተቀመጠ። እርሱ ራሱ ሌላ ልጅ አልወለደም። ጎረቤቱ ሁሉ የልጁ አባት ይለዋል እንጂ የእንጀራ አባት የሚለው አልነበረም። እንዲህ ሆኖ 12 ዓመት ካለፈ በኋላ ሰውየው በድንገተኛ ሕመም ሞተ፤ ኑዛዜም አላደረገም።

ልቅሶው ካለቀ በኋላ የሟቹ ወንድሞች መጡ። እናቲቱ ከባልዋ ጋር ካፈራችው የጋራ ሀብት እኩሌታውን እንድትወስድ አልከለከሉም፤ ይህ በሕግ የእርስዋ ነውና። የሟቹን ድርሻ ግን «ወላጆቻችን ቀድመው ሞተዋልና ወራሾቹ እኛ ነን» አሉ። ልጁም «አባቴ ነው» ባለ ጊዜ «አንተ የእንጀራ ልጅ ነህ» ብለው መለሱለት።

አንባቢ ሆይ፥ እነዚህ ወንድሞች ጨካኞች ናቸው ትል ይሆናል። ነገር ግን ወደ ፍርድ ቤት ቢሄዱ ዳኛው የሚፈርደው ለእነርሱ ነው። የ12 ዓመት ፍቅር በማናቸውም መዝገብ አልተጻፈምና። እንግዲህ ጥፋቱ የወንድሞቹ ብቻ አይደለም፤ ጊዜ ሳለው «ነገ አደርገዋለሁ» እያለ የዘገየው የሟቹም ነው።

2ኛ። ሕጉ የእንጀራን ልጅ እንዴት ያየዋል

በእንጀራ አባትና በእንጀራ ልጅ መካከል ያለው ዝምድና በሕግ የጋብቻ ዝምድና ይባላል። ይህም ዝምድና የተከበረ ነው፤ ዳሩ ግን ልጅነት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ኑዛዜ ሳያደርግ የሞተውን ሰው አስቀድመው የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው ይላል፤ የጉዲፈቻንም ልጅ ከአብራክ ከተወለደው ልጅ ጋር እኩል ያደርገዋል። የእንጀራን ልጅ ግን በእንጀራ ልጅነቱ ብቻ ከወራሾች ጋር አይቆጥረውም።

ምናልባት «ኑዛዜ ብጽፍለት አይበቃምን?» ትል ይሆናል። ኑዛዜ መልካም ነገር ነው፤ በ4 ምስክሮች ፊት ተነብቦ ቢፈረም ይጸናል። ነገር ግን ኑዛዜ ሀብት ይሰጣል እንጂ ልጅነትን አይሰጥም፤ የሚሠራውም ከሞትህ በኋላ ነው። ጉዲፈቻ ግን አንተ በሕይወት ሳለህ ይጀምራል። ልጁን የማሳደግና የማስተማር ግዴታ በአንተ ላይ ይሆናል፤ እናቱ ብትሞት ወይም ከአንተ ብትለይ እንኳ አባትነትህ ከእርስዋ ጋር አይሄድም።

ጉዲፈቻ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር አይምሰልህ። ቃሉ ራሱ ከኦሮሞ ሕዝብ ቋንቋና ባህል የተወሰደ ነው። በአማራም አገር የጡት ልጅ የማድረግ ልማድ ነበረ፤ የጡት አባት የሚሆነው ሰው ጣቱን በማር ቀብቶ ያጠባ ነበር። የእንግሊዝ አገር ሕግ ጉዲፈቻን የተቀበለው ገና እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ አባቶቻችን ነገሩን አስቀድመው ያውቁታል፤ ዛሬ ግን የሽማግሌና የማር ምስክርነት ብቻውን አይበቃም፥ የዳኛ ውሳኔ ያስፈልጋል።

3ኛ። እንዴት እንደሚደረግ

የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 213 ወጣ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ፤ በአዊ ምድር የሚሠራውም ይህ የክልሉ ሕግ ነው። ሁለቱም በዋናው ነገር አንድ መንገድ ይሄዳሉ። ከዚህ በታች የተጻፈው የፌዴራሉ ሕግ ሥርዓት ነው፤ ማመልከቻህን ስታዘጋጅ ግን የክልሉን ሕግ አንቀጽ ተመልከት።

ስለ ዕድሜ። ጉዲፈቻ አድራጊው ከ25 ዓመት ያላነሰ ሊሆን ይገባዋል። ልጁም 18 ዓመት ያልሞላውና በሞግዚት ሥር ያለ መሆን አለበት። ይህን ልብ አድርግ። በምሳሌያችን ያለው ልጅ አባቱ በሞተ ጊዜ 16 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሟቹ በሕይወት ቢኖር ኖሮ የቀረው ጊዜ 2 ዓመት ብቻ ነበረ። ልጁ ካደገ በኋላ የሚመጣ ጸጸት ይህን በር አይከፍተውም።

ስለ ባልና ሚስት። በሌላ ጊዜ ያገባ ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር አንድ ሆኖ እንጂ ብቻውን ጉዲፈቻ አያደርግም። የትዳር ጓደኛውን ልጅ ሲወስድ ግን ብቻውን ሊያደርግ ተፈቅዶለታል። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ እናቲቱ ቀድሞም እናቱ ናትና ልጅዋን እንደ ገና ልጅ ልታደርገው አያስፈልጋትም።

ስለ ወላጆች ፈቃድ። የልጁ አባትና እናት ሁለቱም በሕይወት ካሉና የታወቁ ከሆኑ የሁለቱም ፈቃድ ይፈለጋል። አባቱ ከሞተ የእናቲቱ ፈቃድ ይበቃል፤ የሞቱንም ማስረጃ ማቅረብ ይገባል። አባቱ በሕይወት ካለ ግን ሳትነግረው በስውር አታድርገው። ምንም እንኳ ልጁን ሳይጠይቅ ብዙ ዓመት ቢኖር፥ ፈልገህ ወይም ሽማግሌ ልከህ ጠይቀው። እንቢ ቢል ልጁም 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው፥ ፍርድ ቤቱ የሌላውን ወላጅና የልጁን ቃል ሰምቶ ስምምነቱን ሊያጸድቅ ይችላል።

ስለ ስምምነቱና ስለ ፍርድ ቤቱ። ጉዲፈቻ በአድራጊውና በልጁ ሞግዚት መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው። ይህም በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ከማመልከቻ ጋር በምትኖርበት ወረዳ ወይም ከተማ ለሚገኘው ፍርድ ቤት ይቀርባል። የጋብቻችሁንና የልጁን የልደት ማስረጃ ይዘህ ሂድ። ፍርድ ቤቱ ያላጸደቀው ስምምነት ዋጋ የለውም። ዳኛው ከማጽደቁ በፊት ነገሩ ለልጁ የሚጠቅም መሆኑን ይመረምራል፤ ልጁ ስለ ነገሩ ያለውን አሳብ ይሰማል፤ አንተም ልታሳድገው የምትችል መሆንህን ይመለከታል። እንግዲህ ዳኛው የሚጠይቀውን ልጅ አንተ አስቀድመህ በቤትህ ጠይቀው፤ በፍርድ ቤት ደጃፍ ድንገት የሚሰማው ነገር አይሁንበት።

ስለ ምዝገባ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760 ጉዲፈቻም እንዲመዘገብ ያዝዛል። ስለዚህ ውሳኔውን ከተቀበልህ በኋላ በሣጥን ውስጥ አትቈልፍበት፤ ወደ መዝገብ ሹሙ ወስደህ አስመዝግበው፥ ማስረጃውንም ተቀበል። የልጁን የአባት ስም ለመለወጥ የምትሹ ከሆነ ይህንም ለፍርድ ቤቱ በግልጥ አመልክቱ።

4ኛ። ልትጠበቅበት የሚገባህ

በመጀመሪያ ከሐሰት ተጠበቅ። አንዳንድ ሰው የፍርድ ቤቱን መንገድ ረጅም አድርጎ ስለሚያይ በቀበሌ ወይም በትምህርት ቤት «እኔ የወለድሁት ነው» ብሎ ያስመዘግባል። አሳቡ በጎ ይመስለዋል። ነገር ግን የሐሰት ቃል በሕግ ያስጠይቃል፤ ደግሞም ወራሾች የተጣሉ ዕለት አስቀድሞ የሚፈርሰው እንዲህ ያለው መዝገብ ነው። በሐሰት ከምታወርሰው ቤት ይልቅ በእውነት የምታወርሰው ስም ይበልጣል።

ሁለተኛ፥ የልጁን ዘር አትሰውርበት። ሕጉ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንዲጸና ያደርጋል፤ ከሁለቱ ቤተሰብ አንዱን መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። አገራችን ለጋብቻ እስከ ሰባት ትውልድ የምትቈጥር ናት። አባቱን ያላወቀ ልጅ ሳያውቅ እኅቱን ሊያጭ ይችላል። ሙሴ በፈርዖን ልጅ ቤት አደገ፥ ነገር ግን የወለዱትን ወገኖቹን አልረሳም፤ ያሳደገችውም በዚህ ምክንያት እናትነትዋ አልተናቀም። የሞተው አባት ስም በቤትህ በክብር ቢጠራ አንተን ምንም አያጐድልብህም።

ሦስተኛ፥ ልጁን አገልጋይ አታድርገው። የወለድሃቸው ትምህርት ቤት ሲሄዱ እርሱ ከብት ጠባቂ ሆኖ ቢቀር፥ የእነርሱ ልብስ አዲስ ሲሆን የእርሱ ዘወትር አሮጌ ቢሆን፥ የፍርድ ቤቱ ማኅተም ምን ይጠቅመዋል? ጉዲፈቻ ከልጁ ጋር ስለ ተጣላህ ብቻ የምትሰርዘው ነገር አይደለም። አድራጊው ልጁን እንደ ባሪያ ቢይዘው፥ ወይም ለጥቅሙ ሲል የነውር ሥራ ቢያሠራው፥ ወይም የወደፊት ኑሮውን በሚያበላሽ መንገድ ቢይዘው ግን ፍርድ ቤት ይሰርዘዋል። ያን ጊዜ ኀፍረቱ የልጁ ሳይሆን የአንተ ነው።

አራተኛ፥ ለዘመዶችህና ለልጆችህ ንገራቸው። የወለድሃቸው ልጆች ቢኖሩህ ወንድማቸው በሕግ እኩል ድርሻ እንዳለው ከአንተ አፍ ይስሙ። ወላጆችህና የጎን ዘመዶችህ ጉዲፈቻውን እንደሚቃወሙ ውሳኔው በተሰጠ በ1 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ካስጻፉ፥ ልጁ ከእነርሱ ጋር ዝምድና አይኖረውም፤ በአንተና በእርሱ መካከል ያለውን ግን አያፈርሱትም። ስለዚህ ነገሩን በስውር ከማድረግ በቡና ላይ ሰብስበህ መምከር ይሻላል።

5ኛ። ራስህን የምትጠይቅበት

ይህን ትምህርት ከማጠፍህ በፊት ለእነዚህ ጥያቄዎች በልብህ መልስ ስጥ።

በቤቴ የሚኖረው የእንጀራ ልጅ ዛሬ ስንት ዓመቱ ነው? 18 እስኪሞላው ስንት ቀርቶታል?

እኔ በዚህ ሌሊት ብሞት በነገው ቀን ይህ ልጅ ከሰዎች ዘንድ ምን ተብሎ ይጠራል?

የወለደው አባት ካለ ጠይቄዋለሁን? ከሌለስ ስሙን ለልጁ ነግሬዋለሁን?

ልጁስ ራሱ፥ የእኔ ልጅ መሆንን ይወድዳልን? ጠይቄው አውቃለሁን?

አንባቢ ሆይ፥ እንጀራህን ለዚህ ልጅ ቈርሰህ ከሰጠኸው፥ ከባዱን አድርገሃል። የቀረው አንድ ማመልከቻና ጥቂት ቀን ነው። ማልደህ ተነሣ፤ ከሚስትህ ጋር ተማከር፤ ልጁንም በእጅህ ይዘህ ወደ ዳኛ ፊት ቅረብ። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ላይ ሰው አቁሞ «የማን ልጅ ነህ?» ቢለው፥ ሳይፈራና ሳያፍር ይመልስለታል።