ከወኪል ጋራዥ ሳይጠገን የተመለሰ ተሽከርካሪ፦ የጥገና ውል ውጤት፣ ማስረጃና የደንበኛው መብት

አጽሕሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ የአምራች ወኪል በሆነ ጋራዥ የተሰጠ የተሽከርካሪ ጥገና ጉድለት ሲታይበት ደንበኛው በኢትዮጵያ ሕግ ያለውን መብትና መብቱን ለማስከበር የሚያስፈልገውን ማስረጃ ይመረምራል። ትንተናው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግንና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ የደቡብ አፍሪካንና የካሊፎርኒያን ድንጋጌዎች ለንጽጽር ይጠቀማል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የደንበኛው ድክመት የሚመነጨው ከመብት እጦት ሳይሆን፣ በርክክብ ሰነዱ ላይ የጥገናው ውጤት ሳይገለጽ ከመቅረቱ ነው የሚል ነው። ተሽከርካሪው መተዳደሪያው የሆነ ደንበኛ ከሸማችነት ትርጓሜ ውጭ የመሆን ዕድሉ ሰፊ በመሆኑ፣ ይህ ሰነድ ለእርሱ ከማንም የበለጠ ዋጋ አለው።

ቁልፍ ቃላት፦ የጥገና ውል፣ ወኪል ጋራዥ፣ ማስጠንቀቂያ፣ የጉዳት ካሳ፣ ሸማች

1. መግቢያ

የተሽከርካሪ ባለቤት ወደ አምራቹ ወኪል ጋራዥ የሚሄደው ከሠፈር ጋራዥ የበለጠ ዋጋ ለመክፈል ፈቅዶ ነው። በምላሹ የሚጠብቀው በአምራቹ የሠለጠነ መካኒክ፣ ትክክለኛ መለዋወጫ፣ ተገቢ የመመርመሪያ መሣሪያና ከሁሉም በላይ ተጠያቂ የሆነ ተቋም ነው። ይህ ተስፋ ሳይሟላ ሲቀር ግን ደንበኛው ከተራ ጋራዥ ደንበኛ ይልቅ የታሰረ ሆኖ ይገኛል። በዋስትና ዘመን ውስጥ ያለ ተሽከርካሪ ሌላ ቦታ ቢነካካ ዋስትናው ይቋረጣል የሚል ሥጋት አለበት፤ መለዋወጫውና የመመርመሪያ ሶፍትዌሩም ብዙ ጊዜ በአንድ እጅ የተያዙ ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ጉዳዩን ይበልጥ አንገብጋቢ አድርጎታል። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ብልሽት ያለ አምራቹ ሶፍትዌር ለመመርመር አስቸጋሪ ስለሆነ፣ የጥገና አገልግሎት ጥራትና ተጠያቂነት ከወትሮው የበለጠ ትኩረት ይሻል።

2. የችግሩ ቴክኒካዊ ባሕርይ

የሕጉን ጥያቄ ለመመለስ አስቀድሞ ጥገና እንዴት እንደሚከሽፍ መረዳት ያስፈልጋል። ዘመናዊ ተሽከርካሪ ብልሽት ሲገጥመው ኮምፒውተሩ የስሕተት ኮድ ይመዘግባል፤ በዳሽቦርዱ ላይም የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። ኮዱ ኮምፒውተሩ ያየውን ምልክት ይናገራል እንጂ የተበላሸውን ዕቃ ለይቶ አይጠቁምም። ለምሳሌ ፒ 0171 የተባለው ኮድ ወደ ሞተሩ የሚገባው ድብልቅ ከነዳጁ ይልቅ አየር የበዛበት መሆኑን ያመለክታል። ምክንያቱ ግን የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መጠን ሴንሰር ወይም የነዳጅ ግፊት መቀነስ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ሳይለይ የኦክስጅን ሴንሰር የሚቀይር መካኒክ ምልክቱን ያመጣውን ትቶ ምልክቱን የተናገረውን ቀየረ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው በደንበኞች ዘንድ የተለመደ ነው። ኮዱ ከኮምፒውተሩ ሲሰረዝ መብራቱ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩ ተመሳሳዩን ሁኔታ ደግሞ እስኪያይ ድረስም ሳይበራ ይቆያል። ደንበኛው ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ በአቀበት ላይ ሞተሩ እንደ ቀድሞው ኃይል ያጣል፤ መብራቱም ተመልሶ ይበራል። ስለዚህ የመብራቱ መጥፋት ለጥገናው መሳካት ማስረጃ አይሆንም።

የወኪል ጋራዥ አከፋፈል ሥርዓትም የራሱ ተጽዕኖ አለው። በዋስትና የሚሠራን ጥገና ወጪ አምራቹ ለጋራዡ የሚተካው አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ሥራ አስቀድሞ በተወሰነ የሰዓት መጠን ነው። ዕቃ መቀየር በዚህ ስሌት በቀላሉ ይለካል፤ አንዴ ታይቶ አንዴ የሚጠፋን ብልሽት እየፈለጉ ሰዓታት ማሳለፍ ግን በቀላሉ አይለካም። ስለሆነም የደንበኛው ጥቅም የሚጠይቀው ምርመራ የጋራዡ ሒሳብ ከሚያበረታታው ሥራ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም።

3. የጥገና ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2610 አንደኛው ወገን በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት፣ ሌላው ወገን ደግሞ ለዚህ ዋጋ ለመክፈል የሚገቡትን ውል ይመለከታል። የተሽከርካሪ ጥገና በመሠረቱ በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ የሚወድቅ ነው። ሐኪም በሽተኛውን ለማዳን ይጥራል እንጂ ለፈውሱ ዋስ አይሆንም፤ ጠጋኝ ግን ዋጋ የተቀበለው ለጥረቱ ሳይሆን ለውጤቱ ነው።

ይህ ልዩነት በማስረጃ ሸክም ላይ ከፍተኛ ለውጥ ያመጣል። ግዴታው የተቻለውን ሁሉ ማድረግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደንበኛው የመካኒኩን ጥፋት ማሳየት በተገባው ነበር፤ ይህም ከጋራዡ ግቢ ውጭ ለቆመ ሰው እጅግ አዳጋች ነው። ውጤት የማስገኘት ግዴታ ሲሆን ግን በቁጥር 1791 መሠረት ግዴታውን ያልፈጸመ ወገን ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው፤ ነጻ የሚወጣው ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል አፈጻጸሙን እንደከለከለው ካስረዳ ነው። በሌላ በኩል ቁጥር 2001 የአንድ ግዴታ ይፈጸምልኝ ባይ የግዴታውን መኖር እንዲያስረዳ ያዛል። እንግዲህ ደንበኛው ማስረዳት ያለበት ግዴታው ምን እንደነበር ነው።

የክርክሩ ቁልፍ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በሥራ ትዕዛዙ፣ በተለምዶ ጆብ ካርድ በሚባለው ሰነድ ላይ «የኦክስጅን ሴንሰር ይቀየር» ተብሎ ተጽፎ ደንበኛው ከፈረመ፣ የተዋዋሉበት ውጤት የሴንሰሩ መቀየር ነው። ሴንሰሩ ከተቀየረ ሞተሩ ኃይል ቢያጣም ጋራዡ ግዴታዬን ፈጽሜአለሁ ለማለት ምክንያት ያገኛል። በአንጻሩ «ሞተሩ ሲሞቅ በአቀበት ላይ ኃይል ያጣል፤ መብራት ያበራል፤ ምክንያቱ ተለይቶ ይወገድ» ተብሎ ከተጻፈ ውጤቱ የችግሩ መወገድ ይሆናል። የሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ልዩነት በፍርድ ቤት ማን እንደሚረታ ሊወስን ይችላል። ሰነዱን የሚያዘጋጀው ጋራዡ፣ ቃላቱን የሚመርጠውም የጋራዡ ተቀባይ ሠራተኛ መሆኑ ደንበኛውን ለጉዳት ያጋልጠዋል።

4. ሸማች ማን ነው?

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ጠቃሚ መብቶችን ሰጥቷል። ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት፣ በነጋዴው በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድ፣ በግብይቱ ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት መካስ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ይሁን እንጂ አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን፣ ለማምረት ተግባር ወይም መልሶ ለመሸጥ የማይገዛን የተፈጥሮ ሰው ነው።

በዚህ ትርጓሜ የቤት መኪናውን የሚያስጠግን ሰው ያለ ጥርጥር ሸማች ነው፤ ተሽከርካሪ ያለው ኩባንያ ደግሞ የተፈጥሮ ሰው ባለመሆኑ ሸማች አይደለም። አከራካሪው በመካከል የቆመው ነው፤ ይኸውም በአንዲት ታክሲ ወይም በጥሪ በምትሠራ መኪና ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሹፌር ነው። ጥገናውን የሚገዛው መልሶ ለመሸጥ ወይም ለማምረት አይደለም፤ ግን ለግል ፍጆታ ብቻ ነው ማለትም ያስቸግራል። የትርጓሜው ሁለቱም ክፍሎች በአንድነት መሟላት አለባቸው ከተባለ ሹፌሩ ከጥበቃው ውጭ ይሆናል። ይህ ጸሐፊ የአዋጁ ዓላማ ዐቅመ ደካማውን ተገበያይ መጠበቅ በመሆኑ ትርጓሜው ለሹፌሩ ሊሰፋ ይገባል የሚል አቋም አለው፤ ሆኖም ዳኛ ይህን እስኪቀበል ድረስ አስተማማኙ መሠረት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

5. ማስጠንቀቂያና የማስረጃ አጠባበቅ

በቁጥር 1771 መሠረት ውሉ ያልተፈጸመለት ወገን እንደ ሁኔታው ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት፣ በተጨማሪም ጉዳቱ እንዲካስለት መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ቁጥር 1772 አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠትን ግዴታ ያደርጋል። ለተቀባዩ ሠራተኛ በስልክ ማማረር የሰውን ንዴት ያበርድ እንደሆነ እንጂ በክርክር ጊዜ ለማስረዳት አይመችም። በቁጥር 1773 እና 1774 መንፈስ የሚዘጋጅ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሆኖ የሥራ ትዕዛዙን ቁጥርና ቀን፣ የቀጠለውን ችግር፣ ጥገናው እንደገና እንዲሠራ የተሰጠውን ተገቢ የጊዜ ገደብ ቢይዝና በመዝገብ ቤት ገቢ ቢደረግ መልካም ነው።

ብዙ ደንበኞች የሚሳሳቱት በዚህ መካከል ነው፤ ትዕግሥታቸው አልቆ ተሽከርካሪውን ወደ ሌላ ጋራዥ ይወስዳሉ። ሁለተኛው ጋራዥ ዕቃውን ፈቶ ሲገጥም የመጀመሪያው ጥገና ጉድለት ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ቁጥር 1777 ሥራው በባለግዴታው ኪሳራ በሌላ ሰው እንዲሠራ ለደንበኛው ፈቃድ ሊሰጥ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ፈቃዱ እስኪገኝ መጠበቅ የማይቻል ቢሆን እንኳ ዕቃው ከመፈታቱ በፊት የሁለተኛውን ባለሙያ ግኝት በጽሑፍና በፎቶግራፍ ማስቀረት፣ የመጀመሪያውንም ጋራዥ በምርመራው እንዲገኝ በደብዳቤ መጋበዝ ያሻል። ጋራዡ ተጋብዞ ቢቀር መቅረቱ ራሱ ለደንበኛው ጥሩ ማስረጃ ነው።

6. የቆመ መኪና፣ የቆመ ገቢ

ለሹፌሩ ከጥገናው ዋጋ በላይ የሚከብደው መኪናው በጋራዥ የቆመበት ቀን ነው። የቤት ኪራዩ፣ የባንክ ብድሩና የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ መኪናው ተጠገነ አልተጠገነ ብለው አይጠብቁም። በቁጥር 1799 መሠረት ካሳው የሚለካው በአንድ አእምሮው በተሟላ ሰው ግምት ውሉ አለመፈጸሙ በተለምዶ ከሚያስከትለው ጉዳት ጋር ነው። ጋራዡም የገቢ መቋረጥን ከዚህ የወጣ ልዩ ጉዳት ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል።

መልሱ በቁጥር 1801 ውስጥ አለ። ደንበኛው በውሉ ጊዜ ጉዳቱን የሚያከብዱ ልዩ ሁኔታዎችን ለባለግዴታው ገልጾ ከሆነ፣ ካሳው በእርግጥ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሆናል። ስለዚህ ርክክብ በሚደረግበት ሰዓት «ተሽከርካሪው የመተዳደሪያ ገቢ የሚገኝበት ነው» የሚል አንድ መሥመር በሥራ ትዕዛዙ ላይ ማስፈር ትልቅ ሕጋዊ ውጤት አለው። ለረዥም ዘመን በሥራ ላይ በቆየው የታርጋ አሰጣጥ ኮድ 1 ታክሲን፣ ኮድ 3 የንግድ ተሽከርካሪን ስለሚያመለክት ታርጋው ራሱ ለጋራዡ ማስታወቂያ ነው ብሎ መከራከርም ይቻላል፤ የተጻፈው መሥመር ግን ክርክሩን ያሳጥረዋል። በአንጻሩ ቁጥር 1802 ተጎጂው ጉዳቱን የሚቀንሱ እርምጃዎችን እንዲወስድ ስለሚጠይቅ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ ለወራት መኪና ማቆም የካሳውን መጠን ሊቀንስ ይችላል።

7. የሌሎች አገሮች ልምድ

ከላይ ለደንበኛው ጥንቃቄ የተተወውን ሌሎች አገሮች የነጋዴው ግዴታ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. የ2008 የደቡብ አፍሪካ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ጠጋኙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የዋጋ ግምት እንዲያቀርብና ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ያወጣቸውን አሮጌ ዕቃዎች ለደንበኛው እንዲመልስ፣ ለገጠመው አዲስ ዕቃና ለገጠማው ሥራ የ3 ወር ዋስትና እንዲሰጥ ያዛል። አነስተኛ ነጋዴዎችንም ከጥበቃው አላስወጣም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዚያው አገር የውድድር ኮሚሽን መመሪያ ደግሞ በዋስትና ዘመን ውስጥ ያለ ተሽከርካሪ ባለቤት ከወኪሉ ውጭ በሌላ ጋራዥ የመገልገል ምርጫ እንዲኖረው ይደግፋል። በካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. የ1971 የተሽከርካሪ ጥገና ሕግ የጽሑፍ የዋጋ ግምትን አስገዳጅ አድርጓል።

የእነዚህ ሕጎች የጋራ ባሕርይ ስለ ጥራት የሚሰብኩ ሳይሆኑ ወረቀትና ዕቃ በደንበኛው እጅ እንዲገባ የሚያደርጉ መሆናቸው ነው። የተመለሰ አሮጌ ሴንሰር በእርግጥ ተቀይሮ እንደሆነና መቀየርም ይገባው እንደነበረ ለመመርመር ያስችላል።

8. ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

የኢትዮጵያ ሕግ በወኪል ጋራዥ ጉድለት ለተጎዳ ደንበኛ መሠረታዊ መብቶችን አላሳጣም። መብቱ ከሰነድ ጋር ካልተገናኘ ግን ከጋራዡ በር አያልፍም። ስለሆነም የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል።

ሀ) ደንበኛው በሥራ ትዕዛዙ ላይ የሚቀየረውን ዕቃ ሳይሆን የሚወገደውን ችግር፣ ችግሩ የሚታይበትን ሁኔታና የተሽከርካሪውን አገልግሎት ያስጽፍ፤ ቅጂውንም ይያዝ።

ለ) ተሽከርካሪውን ከመረከቡ በፊት ችግሩ በሚታይበት ሁኔታ ከመካኒኩ ጋር ነድቶ ይሞክር፤ የተነበበውን የስሕተት ኮድና አሮጌውን ዕቃ ይጠይቅ።

ሐ) ችግሩ ከተመለሰ ሌላ እጅ ሳይነካው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጥ።

መ) ሕግ አውጪው የሸማችን ትርጓሜ በአንድ ተሽከርካሪ የሚተዳደሩ ግለሰቦችን እንዲያካትት አድርጎ ያሻሽል፤ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርም ችግሩን፣ ምርመራውንና ውጤቱን ለየብቻ የሚያሰፍር ወጥ የጥገና ርክክብ ቅጽ አስገዳጅ ቢያደርግ፣ ዛሬ ጠንቃቃ ደንበኛ ብቻ የሚያገኘው ጥበቃ ለሁሉም ይደርሳል።

ለቀጣይ ጥናት ፍርድ ቤቶች የጥገና ውልን እንደ ውጤት ግዴታ የሚመለከቱበትን መጠን በውሳኔዎች ላይ ተመሥርቶ መመርመር ጠቃሚ ይሆናል።