የላላ የሆድ ቆዳ፦ የቀዶ ሕክምና አማራጭ አመራረጥ

ከከፍተኛ የክብደት መቀነስ ወይም ከተደጋጋሚ እርግዝና በኋላ የሆድ ቆዳ ሲላላ፣ ተገቢውን ቀዶ ሕክምና ለመለየት መነሻው የጠባሳው ርዝመት ሳይሆን ጉድለቱ የሚገኝበት ንብርብር ነው፤ ይኸውም ቆዳ፣ ስብ ወይም ጡንቻ።

ቆዳው የመሰብሰብ ኃይሉን ካላጣና ችግሩ የስብ ክምችት ብቻ ከሆነ ላይፖሳክሽን ይበቃል። በላላ ቆዳ ላይ ብቻውን ሲሠራ ግን ከሥር የደገፈውን ስብ ስለሚያስወግድ መላላቱን ሊያባብስ ይችላል። ትርፉ ቆዳ ከእምብርት በታች ከተወሰነ አነስተኛው አብዶሚኖፕላስቲ ይመረጣል። ከእምብርት በላይም ከዘለቀና የሆድ ጡንቻዎች ከመሐል ከተራራቁ፣ ጡንቻዎቹን በስፌት የሚያቀራርበው ሙሉው አብዶሚኖፕላስቲ ተገቢ ይሆናል። ፓኒኩሌክቶሚ በበኩሉ ተንጠልጥሎ ከሥሩ ቁስለትና ኢንፌክሽን የሚያስከትለውን ቆዳ ቆርጦ ያነሣል እንጂ ጡንቻን አያጠብቅም፤ ዓላማውም ከውበት ይልቅ ጤና ነው።

ጊዜውም የምርጫው አካል ነው። ወደፊት እርግዝና ከታሰበ ጡንቻው ዳግም ሊራራቅ ስለሚችል ማዘግየት ይመከራል፤ ክብደትም አስቀድሞ ሊረጋ ይገባል። ማጨስ ለቆዳው የሚደርሰውን ደም ስለሚቀንስ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት መቆም አለበት። በእግር የደም ሥር ረግቶ ወደ ሳንባ የሚሄድ ደም ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ይህ ስጋት ሳይመዘን የሚደረግ ምርጫ የተሟላ አይደለም።