ለየሥራው የራሱ ዴስክቶፕ



የመመረቂያ ጽሑፋችንን ይዘን ለእረፍት ቢቸና ወይም ሞጣ ስንገባ፣ በአንዱ ላፕቶፕ ላይ ጽሑፉ፣ የተፍሲር ደርሱና ቴሌግራሙ ተደራርበው ይከፈታሉ። ጽሑፉን ስንፈልግ ቴሌግራም ላይ እንቀራለን፤ ዐስር ይደርሳል፣ ገጹ ግን ባዶ ነው።

መፍትሔው በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ አለ፤ ኢንተርኔትም ሆነ አዲስ ፕሮግራም አያስፈልገውም። የዊንዶውስን ቁልፍ ከኮንትሮልና ከዲ ጋር ስንጫን አዲስ ባዶ ዴስክቶፕ ይመጣል። ወደ ሌላው ለመሻገር ዊንዶውስንና ኮንትሮልን ይዘን የግራ ወይም የቀኝ ቀስት እንጫናለን። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለማየት ዊንዶውስና ታብ ይበቃል። አንደኛውን ለጽሑፍ፣ ሁለተኛውን ለደርስ፣ ሦስተኛውን ለመልእክት እናድርገው።

ሁለት ነገር አንርሳ። ዴስክቶፕ መለየት የኮምፒውተሩን ሜሞሪ አያቀልም፤ ስለዚህ የማንፈልገውን እንዝጋ። የጻፍነውንም አያስቀምጥልንም፤ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋልና በየመሐሉ ኮንትሮልና ኤስ እንጫን።

አዛን ሲሰማ ግን ሁሉንም ዴስክቶፕ ትተን እንነሣ። አላህ በጊዜያችን በረካ ያድርግልን። አሚን።