የጊዜ ቅደም ተከተል በድርሰት፦ ባዶው ወንበር

አንድን ክንውን በጽሑፍ ስንገልጽ ሐሳባችን እንዳይዘበራረቅ የጊዜን ቅደም ተከተል መጠበቅ ይገባናል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

በፖላንድ የካቶሊክ ቤተሰቦች የልደትን ዋዜማ፣ ማለት ዲሴምበር 24ን፣ እንደ ልማዳቸው ከሥጋ ተከልክለው ይውላሉ። ሲመሽ ልጆች ወደ ሰማይ አንጋጠው የመጀመሪያዋን ኮከብ ይጠባበቃሉ። ኮከቧ እንደታየች ቤተሰቡ በማዕድ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ የልደቱም ታሪክ ከወንጌል ይነበባል። ከዚያም «ኦፕዋቴክ» የተባለውን ስስ ቂጣ እርስ በርስ እየቆረሱ መልካም ምኞት ይለዋወጣሉ፤ የተቀያየሙም ይቅር ይባባላሉ። አንድ ወንበር ግን ላልታሰበ እንግዳ ባዶውን ይተዋል። በመጨረሻም እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ለቅዳሴ ወደ ቁምስናቸው፣ ማለት ወደ አጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን፣ ይሄዳሉ።

በ1981 እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን በአገሪቱ ወታደራዊ ሕግ ታወጀ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ታሰሩ። ከ11 ቀን በኋላ የልደት ዋዜማ ሲደርስ በታሳሪዎቹ ቤት ባዶው ወንበር የእንግዳ ብቻ አልነበረም፤ የአባት፣ የእናት ወይም የልጅ ነበር። በዚያች ምሽት ፖላንዳዊው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በቫቲካን መስኮታቸው ላይ ሻማ አበሩ።

መልመጃ

1. ጊዜን የሚያመለክቱትን ቃላትና ሐረጎች ከምንባቡ አውጥታችሁ በተራ ጻፉ።
2. «ባዶው ወንበር የእንግዳ ብቻ አልነበረም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
3. የምትወዱት ሰው ሳይገኝ የዋለበትን አንድ በዓል ከጧት እስከ ማታ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።